ሰይፈዲን ሲሄድ

በኢሉባቦሯ ቡሬ የታችኛው ሰፈር ቤቱን ቆልፎ የሚወጣ ሰው ቁልፉን ይዞ አይሄድም። ባል ቀድሞ ይመለስ ሚስት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ይለቀቅ፣ ከኡካ የሚመጣ ዘመድ መቼ ዱብ ይበል ስለማይታወቅ፣ ቁልፉ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያገኘው ቦታ መቀመጥ አለበት። ያ ቦታ የልብስ ሰፊው የሰይፈዲን በረንዳ ነው። ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ምስማር በምስማር የሆነ ጣውላ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ምስማር የአንድ ቤት ነው። የሻይ ቤቷ የሙፊዳ፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የእድሩ እቃ ቤት፣ የእነ ዓያንቱ፣ የእነ እንትና። ሁሉም እየመጣ የራሱን ያወርዳል፣ የራሱን ሰቅሎ ይሄዳል። የሚፈርም የለም፣ የሚመዘግብ የለም። የሰይፈዲን ዓይን ይበቃል ይባል ነበር።

ለዚህ ሹመት ማንም የመረጠው ሰው የለም። ከአስራ አምስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት «እስክመለስ ያዝልኝ» ብላ ሄደች፤ ስትመለስ ቁልፉም እሱም እዚያው ነበሩ። በዚያው ተለመደ። ሰይፈዲን ከበረንዳው አይጠፋም፤ ጫት አይቅምም፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ወሬ አይሰልቅም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይዋሽም። አለመዋሸቱ ሰው የሚያስቀይምበት ጊዜ አለ። ሙፊዳ ለሰርግ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ «አማረብኝ?» ብትለው፣ «ወገቡ ጠቦሻል፤ ከለካሁሽ በኋላ ወፍረሻል» ብሏት ሁለት ወር አኩርፋዋለች። ቁልፏን ግን አላነሳችም።

አንድ ሌላ ጠባይም ነበረው፤ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው «ሰይፈዲን ዴሜራ» ይባባላል በኦሮምኛ፣ ሄዷል ማለቱ ነው። የሚሄደው ግን ከወንበሩ ሳይነሳ ነው። እጁ ጨርቁ ላይ፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ የስፌት መኪናው ቀጥ ይላል፤ ዓይኑም ጣውላው ላይ እንደተተከለ ይቀራል። አይጨፈን፣ አይንከራተት። በዚህ ሰዓት የመጣ ደንበኛ ጨርቁን ጭኑ ላይ አድርጎ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና እስኪመለስ ይጠብቀዋል። የሚቸኩል ከሆነ ትቶለት ይሄዳል እንጂ የሚነቀንቀው የለም።

ስለዚህ አካሄዱ ሁሉም የየራሱ ትርጉም ነበረው። ሀጂ መሀመድ ሰዒድ «ዚክር ላይ ነው፣ አላህን እያወሳ ነው፣ አትረብሹት» እያሉ ሰው ይከለክሉለታል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ሸዋንግዛው ደግሞ የሚቀጥለውን ኮት በልቡ እየቀደደ ነው ባይ ናቸው። በአንድ ነገር ግን ሁለቱም፣ ሌላውም ይስማማል፤ ሰይፈዲን ሲሄድ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ያያል። ዓይኑን በማይጨፍን ሰው ፊት ማን ደፍሮ የሰው ቁልፍ ይነካል? ይህን የሚሉት ሰዎች አንዳቸውም ጠይቀውት አያውቁም።

ቢጠይቁት ኖሮ ይነግራቸው ነበር። መጀመሪያ መርፌዋ ሁለት ትሆናለች። ሁለቱ ይራራቃሉ፤ የጨርቁ ቀለም ከጠርዙ አልፎ ይፈስና ሁሉም ነገር አንድ ይሆናል። ጣውላ የለም፣ መንገድ የለም፣ ሰው የለም። ዓይኑን ይዞት የነበረው ነገር ይለቀዋል። ድምፁም ከወንዝ ማዶ እንደሚመጣ ይርቅና ይቆማል። ደስ የሚልም የሚያስፈራም ነገር የለውም፤ ሰይፈዲን ራሱ የሌለበት ጊዜ ነው። ሲመለስ ሻዩ በርዷል። ጣውላው ላይ ደግሞ አንዱ ቁልፍ ወርዷል፣ ሌላው ተሰቅሏል። ማን እንዳወረደ፣ ማን እንደሰቀለ አያውቅም። ለዓመታት ይህ አላስጨነቀውም፤ የገዛ ቁልፉን ለሚወስድ ሰው ምን ምስክር ያስፈልገዋል ብሎ ያምን ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታላቅ እህቱ ዘህራ «ዓይንህን ታይ» ብላ በሚኒባስ መቱ ይዛው ሄደች። የዓይን ባለሙያው ፊደል አስነበበው፣ መብራት አበራበት፣ «ዓይንህ ከኔ ዓይን ይሻላል» ብሎ ወደ አንዲት ወጣት ሐኪም ላከው። እሷ ዓይኑን አላየችም። ምን ዓይነት ጨርቅ መንካት እንደሚጠላ፣ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየው ምን እንደሚሰማው፣ በልጅነቱ ከማን ጋር ይጫወት እንደነበር ስትጠይቀው አረፈደች። በመጨረሻ ኦቲዝም የሚባል ነገር እንዳለ ነገረችው። በሽታ አይደለም፣ የሚዋጥ ኪኒንም የለውም፣ እንዲህ ሆኖ የሚፈጠር ሰው አለ አለችው። ድምፅና ብርሃን ሲበዛበት ወይም አንድ ነገር ላይ ሲያፈጥ ቆይቶ ሲደክመው ዓይኑ እንደሚለቅ፣ ይህንንም እንደሱ ያሉ ብዙ ሰዎች እንደሚናገሩት ጨምራ አስረዳችውና በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ሰይፈዲን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ አንድ እሱ ብቻ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ሌላ ሰውም እንደሚሄድ ሲሰማ በጣም ደስ አለው።

ዘህራ ግን ገና ከሚኒባሱ ሳይወርዱ «ይቺን ወረቀት ማንም እንዳያያት» አለችው።

«ለምን?»

«ሰው ቁልፉን የሚተውልህ ያያል ብሎ ነው። እንደማታይ ካወቀ ማን ይተውልሃል?»

አሰበበት፤ ልክ ነች። ለሱ ደግሞ ቁልፎቹ ቁልፍ ብቻ አልነበሩም። ከሰው ጋር ወሬ እንዴት እንደሚጀመር አያውቅበትም፤ ሰርግ ቤትና ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ተቀምጦ ይመለሳል። በረንዳው ላይ ግን ሰው ጠዋት ሊሰቅል፣ ማታ ሊያወርድ ይመጣል። «ሰይፉ፣ አካም ቡልቴ» ይለዋል፣ እንዴት አደርክ። ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ጣል አድርጎለት ይሄዳል። እሱም «ደህና» ይላል። ከሰፈሩ ጋር የሚያገናኘው ይኸው ነበር፤ ይኸው ደግሞ በቅቶት ይኖር ነበር። ወረቀቷን አጣጥፎ የልብስ ሳጥኑ ውስጥ ከተታት።

ነገሩ የፈነዳው ባለፈው ሐምሌ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ውበቱ አረፉ። በሰባ ሰባት በሰፈራ ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ ቀድመው ደርሰው ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የእድሩ ሰዎች ቁልፉን ከሰይፈዲን ጣውላ አውርደው እቃ ቤቱን ቢከፍቱ ድስቱ አለ፣ ሳህኑ አለ፣ አግዳሚው አለ፤ ድንኳኑ የለም። ዝናቡ ደግሞ የኢሉባቦር የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ሰው ሞቷልና ላባራ አይልም። ለቀስተኛው ጣሪያ ጥግ ጥጉን ተለጥፎ ቆመ፤ የተረፈው ላስቲክ ለብሶ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ባለቤታቸው «ለሰው ሁሉ ተክሎ ለሱ ጠፋ» እያሉ ሲያለቅሱ ያልሰማ አልነበረም። ሰፈሩ አንገቱን ደፋ።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ሸዋንግዛውና የእድሩ ጸሐፊ ዲንቃ ወደ ሰይፈዲን በረንዳ መጡ። ድንኳኑ በፊተኛው ዓርብ በቦታው መኖሩ ይታወቅ ነበር።

«ሰይፈዲን፣ ካለፈው ዓርብ ወዲህ የእድሩን ቁልፍ ማን ሲወስድ አየህ?» አሉት ጋሼ ሸዋንግዛው።

«ዓያንቱን። ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው አላየሁም።»

ዲንቃ ጻፈ። ሰዎቹ አመስግነው ሄዱ። ሁለት ጥያቄ ተጠየቀ፣ ሁለት እውነተኛ መልስ ሰጠ፤ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ዓያንቱ የእድሩ እቃ አጣቢ ናት። ድስትና ሳህን ስታወጣ ስታስገባ ቁልፉን ከማንም በላይ የምታዘወትረው እሷ ነች። ባል የላትም፤ ያላት እናቷ አደ ዳዲ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ገበያ ስትውል ጎረቤት ገብቶ ውሃ እንዲያቀምስላት ቁልፏን ጣውላው ላይ ትሰቅላለች። በእድሩ ደንብ የማኅበሩን እቃ የወሰደ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤት ደግሞ ሞት ሲመጣ ደንብ ነውና ማንም አይደርስም፤ የሚቆፍርም የሚሸከምም የለም።

ዓርብ ዕለት መጣችና በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመች። ቁልፍ አላነሳችም።

«ሰይፉ፣ ድንኳን ተሸክሜ አይተኸኛል?»

«አላየሁሽም። ሁለት ድስት ነው ያወጣሽው። ከሰዓት በኋላ መልሰሽ አስገባሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ስለ ድስት አልጠየቁኝም።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር፣ አልጮኸችም። «እሁድ ሊሰርዙኝ ነው። ሰይፈዲን ካንቺ በቀር ማንም አልወሰደም ብሏል አሉኝ።»

«እንደሱ አላልኩም። ሌላ ሰው አላየሁም ነው ያልኩት።»

«ምን ልዩነት አለው?» አለች፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «እናቴን ታውቃታለህ፣ ዛሬ ነገ የምትባል ናት። ሬሳዋን ብቻዬን ልሸከመው ነው?»

ልዩነት ነበረው። ልዩነቱን የሚያውቁት ግን እሱ፣ እህቱና መቱ ያለችው ሐኪም ብቻ ናቸው። ዓያንቱ ተነሳችና እናቷ ዘንድ ሄደች።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ለዘህራ ነገራት። ዘህራ ጉርሻዋን ከአፏ መለሰች።

«ወላሂ አሳዘነችኝ። ግን አንተ ምን አደረግህ? ያየኸውን ተናገርክ። አልዋሸህም።»

«አልዋሸሁም። የጻፉት ግን ውሸት ነው።»

«ረሳሁ በላቸው። ሌላም ሰው ሳይወስድ አይቀርም በላቸው፣ በቃ። ስለ ዓይንህ ምን አስወራህ?»

«አልረሳሁም እኮ። እረሳ የነበረው አይቼ ቢሆን ነው።»

ዘህራ ሰሃኑን ገፋ አደረገችው። ድምጿ ተለወጠ። «እነዚህ ቁልፎች ከሄዱ ማን ያናግርሃል ሰይፉ? እኔ ነገ ብሞት ማነው በርህን የሚያንኳኳው? ይህን አስበኸዋል?»

አስቦታል። ሌሊቱን ሳይሆን ጠዋቱን ሙሉ፣ ሱሪ እየዘመዘመ ሲያስብ ነው ያረፈደው። ዓያንቱ ብትሰረዝ የሚሆነውን በአንድ ወገን፣ እሱ ቢናገር የሚሆነውን በሌላ ወገን አስቀምጦ ተመልክቶታል። ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንደኛው ግን በሱ አፍ የመጣ ነው። ምሳውን ጨርሶ እጁን ታጠበ፤ ከሳጥኑ ወረቀቷን አወጣ።

የእሁዱ ስብሰባ በጋሼ ሸዋንግዛው ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ስድሳ ሰው በአንድ ላይ ያወራል፤ በሁለቱ ቋንቋ ይከራከራል፣ ይሳሳቃል፣ ያስላል። ሰይፈዲን እንዲህ ያለው ቦታ ላይ መሄድ ይቀናዋል። ጋሼ ሸዋንግዛው አጀንዳ ሲከፍቱ ፊታቸው ሁለት መሆን ጀምሮ ነበር። ጥፍሩን መዳፉ ውስጥ ቀብሮ፣ የዲንቃን እስክሪብቶ ጫፍ ብቻ እያየ፣ ዓይኑን በግድ ይዞ ቆየ። ዓያንቱ ከሴቶቹ መሀል መሬት መሬቱን እያየች ተቀምጣለች።

ዲንቃ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። «…ሰይፈዲንም ከዓያንቱ በስተቀር ቁልፉን የወሰደ ማንም እንደሌለ መስክሯል።»

«እንደሱ አላልኩም» አለ ሰይፈዲን፣ ቆሞ።

ሰዉ ዞረ። ሰይፈዲን በስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም።

«ሌላ ሰው አላየሁም ነው ያልኩት። ዓያንቱ ያወጣችው ሁለት ድስት ነው። ሌላ ሰው ግን ሊወስድ ይችላል። እኔ ስሄድ አላይም።»

«ወዴት ስትሄድ?» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው። «አንተ ከበረንዳህ መቼ ትነቃነቃለህ?»

«ሄዷል ትሉኝ የለ? ያኔ። ዓይኔ ክፍት ነው፣ ግን አያይም። ጆሮዬም አይሰማም። ማን እንደመጣ፣ ምን እንደወሰደ አላውቅም። ስመለስ ቁልፎቹ ተለዋውጠው አገኛለሁ።»

ከዚያ ሀጂ መሀመድ ሰዒድ ከወንበራቸው ወደፊት ዘንበል አሉ። «ቆይ ልጄ። እኔ በየጠዋቱ አሰላሙ አለይኩም ስልህ፣ ዝም ብለህ ስታየኝ?»

«አላየሁዎትም።»

«አስራ አምስት ዓመት ዚክር ላይ ነው እያልኩ ሰው ስከለክልልህ!»

«አላህ ይስጥልኝ ሀጂ። ግን ዚክር አልነበረም።»

ሳቁ ቆርቆሮውን አለፈ። ሀጂ ራሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ትንሽ ግን ከፍቷቸዋል፣ ያስታውቃል። ከኋላ አንዱ «ዓያንቱ ናት ያስጠናችው!» ብሎ ጮኸ። ሰይፈዲን ወረቀቷን ለዲንቃ ሰጠ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዲንቃ መነጽሩን እያወጣ እያገባ ቆየና «ኦቲዝም ይላል፤ ዓይኑ ጤነኛ ነው ይላል፤ አንዳንዴ ይለቃል ይላል» አለ። «ይተላለፋል?» አለች አንዲት ሴት። «አይተላለፍም» አለ ሰይፈዲን።

«በቀን ስንቴ ትሄዳለህ?» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው።

«አላውቅም። ስሄድ የለሁም።»

አሁን ማንም አልሳቀም። እያንዳንዱ የራሱን ምስማር ማሰብ ጀምሮ ነበር።

«ሐሰት ነው!» አለ አንድ ድምፅ። መክብብ ነው፤ በቡሬና በመቱ መሀል ሚኒባስ የሚነዳው። ፊቱ ቀልቷል። «እንዴት አላየሁም ትላለህ? ዓይን ለዓይን እየተያየን ነግሬህ! እሁድ ጠዋት ቁልፉን አንስቼ፣ ሰይፉ፣ ወንድሜ ሊመረቅ ነው፣ ድንኳኑን ኡካ አድርሼ ማክሰኞ እመልሳለሁ፣ ለእነ ጋሼ ንገርልኝ አላልኩህም? ቀጥ ብለህ አላየኸኝም? ዝም ብለህ…»

እዚህ ላይ የተናገረውን ራሱ ሰማው። አፉን ያዘ። የረፈደ ነገር ነው፤ ስድሳ ሰው ሰምቶታል።

የቀረውን ቀስ እያሉ አወጡለት። የእድር ድንኳን ለድግስ እንደማይወጣ ያውቃል፣ ግን ሰይፈዲን አይቶ ዝም ካለ እንደተፈቀደ ቆጠረው። ሰኞ ዝናቡ የኡካን መንገድ በጭቃ ዘጋው፤ ድንኳኑ እዚያው ቀረ። የጋሼ ውበቱን ሞት የሰማው ኡካ ሆኖ ነው። ሐሙስ ድንኳኑን ሳይዝ በእግሩ ሲመለስ ሰይፈዲን ከዓያንቱ ሌላ ሰው አላየሁም ማለቱን ነገሩት። «አይዋሽም የሚባለው ሰው ለኔ ሲል ዋሸ ብዬ ገረመኝ» አለ መክብብ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ሸፈነልኝ ብዬ…»

«ሴትዮዋ ስትሰረዝ ቁጭ ብለህ ልታይ ነበር?» አሉት ጋሼ ሸዋንግዛው።

መክብብ ድንኳኑን በነጋታው እንዲያመጣ፣ ሽማግሌ ይዞ የጋሼ ውበቱን ባለቤት ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ለአንድ ዓመትም የሰፈሩን ድንኳን ሁሉ እሱ እንዲተክል ተፈረደበት። የዓያንቱ ስም ከቃለ ጉባኤው ተፋቀ። ሴቶቹ አቀፏት፤ ከመሀላቸው ሆና የሰይፈዲንን ፊት በዓይኗ ትፈልግ ነበር። ሀጂ መሀመድ ሰዒድ ግንባሩን ስመው «የቡሬ ሰው ሁሉ እንዳንተ እውነተኛ ቢሆን» አሉ። ጋሼ ሸዋንግዛውም በስብሰባው ስም አመሰገኑት፤ ተጨበጨበለት። ሰይፈዲን ጭብጨባ ይረብሸዋል፤ ቢሆንም እስኪያልቅ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ሙፊዳ ቀድማ መጣች። «እህቴ ከመቱ መጥታለች፣ ከእንግዲህ ቤት ሰው አይጠፋም» ብላ ቁልፏን አወረደች። አልዋሸችም፤ እህቷ በእርግጥ መጥታለች፣ ለሦስት ቀን። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ቁልፉ ሊዝግበት ስለሆነ ዘይት ሊቀባው እንደወሰደው ተናገረ። የእድሩን ጋሼ ሸዋንግዛው በገዛ እጃቸው አወረዱት፤ «ሸክም እንዳንጨምርብህ ብለን ነው ልጄ» አሉት፣ ትከሻውን እየመቱ። አንዱም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሁሉም «አካም ቡልቴ» አለው፣ ሁሉም ስለ ስብሰባው አወደሰው፣ ሁሉም ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ከዚያ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ረቡዕ ሲመሽ ጣውላው ላይ የቀረው የዓያንቱ ብቻ ነበር።

«የዓያንቱ አለ» አላት ለዘህራ።

ዘህራ «አዎ፣ አለ» አለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዓያንቱ በጠርሙስ ማር ይዛ መጣች። ሰይፈዲን የስፌት መኪናውን አቆመ፤ አልሄደም፣ ሊያናግራት ነው ያቆመው። ማሩን አጠገቡ አስቀመጠችና ቁጭ ብላ መረቀችው። በኦሮምኛም በአማርኛም ረጅም ምርቃት መረቀችው፤ እድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ቀባሪ አታጣ። እናቷም በስሙ ዱዓ እያደረጉ እንደሆነ ነገረችው። እሱ በየመሀሉ «አሜን» አለ። ምርቃቱ አለቀ፤ ዓያንቱ ግን አልተነሳችም።

«ሰይፉ» አለች በመጨረሻ። «የሌላው ሰው ቤት ውስጥ ያለው እቃ ነው። የኔ ቤት ውስጥ ያለችው እናቴ ናት። ሰው በሩን ከፍቶ ቢገባ ቀና ብላ ማየት እንኳን አትችልም።»

ገና ስትጀምር ገብቶታል።

«አንተ ባትነግረን እኮ አላውቅም ነበር» አለች። «አንተው ነህ የነገርከን።»

ሰይፈዲን ተነስቶ ቁልፏን ከምስማሩ አወረደና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «ልክ ነሽ» አላት። ዓያንቱ እንባዋ መጣ፤ ትከሻውን ሳመችውና ወጣች።

ልክ ናት። እሱም የታመመች እናት ብትኖረው፣ አንዳንዴ ለሚያይ አንዳንዴ ለማያይ ሰው ቁልፉን አይሰጥም ነበር። ከየት በኩል ቢያየው የተሳሳተችበት ቦታ አላገኘም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያመመው። እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ባዶውን ጣውላ እያየ ዓይኑ እስኪለቅ ጠበቀ። መሄድን እንደዚያ ቀን ፈልጎት አያውቅም። ዓይኑ ግን አልለቀቀም። ዓያንቱ ጭቃውን እየዘለለች ስትወርድ፣ ሙፊዳ ደጃፏን ስትጠርግ፣ ሰዎች በበረንዳው ፊት ለፊት ሲያልፉና ሳይቆሙ ሲሄዱ፣ እስኪመሽ ድረስ ሁሉንም አየ።